የመፈለጊያ ቍጥር ስለ እንግሊዝኛ አነጋገር ምን ያህል ይመሰክራል?

መግቢያ

በከፍተኛ ትምህርት ላይ የምንገኝ ተማሪዎች ትምህርታችንን የምንከታተለው፣ ፈተናችንን የምንጽፈው፣ የመመረቂያ ጽሑፋችንንም የምናዘጋጀው በእንግሊዝኛ ነው። ቋንቋው የእናታችን ቋንቋ ስላልሆነ አንድ ሐረግ በጻፍን ቍጥር «የቋንቋው ባለቤቶች እንዲህ ይላሉን?» የሚል ጥርጣሬ ያድርብናል። በቋንቋው ተወልዶ ላደገ ሰው ጆሮው ዳኛ ይሆነዋል፤ እኛ ግን ዳኛ ከውጭ መፈለግ ግድ ይሆንብናል። ቀደም ሲል ይህ ዳኛ መዝገበ ቃላት ወይም መምህር ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ተማሪ የተጠራጠረውን ሐረግ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቶ ጉግል ላይ ይጽፍና ስንት ውጤት እንደ ተገኘ ይመለከታል። ቍጥሩ ብዙ ከሆነ «ትክክል ነው» ይላል፤ ጥቂት ከሆነ ይሰርዘዋል። መምህሩ በቀይ ቀለም ያሰመረበትን ሐረግ «ይኸው ሚሊዮን ሰው ጽፎታል» ብሎ የሚከራከር ተማሪም አይታጣም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ቍጥር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚገኝ፣ ምን ሊመሰክር እንደሚችልና ምን ሊመሰክር እንደማይችል ባጭሩ ማስረዳት ነው። ነገሩ ተራ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በቋንቋው ብቻ ማርክ የሚቀነስበት ተማሪ፣ ጽሑፉም ለውጭ አገር መጽሔት ቀርቦ «እንግሊዝኛው ይታረም» ተብሎ የሚመለስበት ተመራማሪ ጕዳዩ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃሉ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን፣ የእንግሊዝኛ ሐረጎችም በድምፃቸው በፊደላችን መጻፋቸውን አንባቢ ያስተውል።

1. ቋንቋን የመቍጠር ልማድ ከየት መጣ?

ቃላትን እየቈጠሩ ቋንቋን መመርመር ኢንተርኔት ያመጣው ነገር አይደለም። በአሜሪካ አገር በብራውን ዩኒቨርሲቲ ኔልሰን ፍራንሲስና ሄንሪ ኩቼራ የተባሉ መምህራን በ1961 በአሜሪካ ከታተሙ ጽሑፎች 500 ናሙናዎችን መርጠው፣ ከእያንዳንዱም 2,000 ያህል ቃል ወስደው፣ በጠቅላላው አንድ ሚሊዮን ቃል የሚሆን ክምችት በኮምፒዩተር አዘጋጁ። እንዲህ ያለው ለምርምር ተብሎ በጥንቃቄ የተሰበሰበ የጽሑፍ ክምችት ኮርፐስ ይባላል። የብራውን ኮርፐስ የጋዜጣ ዜናን፣ ልብ ወለድን፣ የሃይማኖትን፣ የሳይንስንና የሌላውንም ዓይነት ጽሑፍ በታወቀ መጠን የያዘ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር የብሪታንያ ብሔራዊ ኮርፐስ ተዘጋጀ። እርሱም 100 ሚሊዮን ቃል ያህል ሲሆን፣ ከመቶ ዘጠናው ከጽሑፍ፣ ከመቶ ዐሥሩ ደግሞ ከንግግር የተወሰደ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ሚሊዮን ቃል ብዙ ቢመስልም ለቋንቋ ምርመራ ያንሳል። ተራ የሆኑ ቃላት በብዛት ይገኙበታል፤ ሁለትና ሦስት ቃል ተጣምሮ የሚፈጥረው ሐረግ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ላይገኝ ይችላል። አለመገኘቱም ስሕተት መሆኑን አያሳይም። ስለዚህ አልታቪስታ የተባለው መፈለጊያ በታኅሣሥ 1995 ሲከፈት፣ ጉግልም በ1998 ሲመሠረት፣ የቋንቋ ተመራማሪዎች በነጻ የሚጠየቅ ግዙፍ ኮርፐስ ያገኙ መሰላቸው።

ተስፋቸውም ከንቱ አልነበረም። ፍራንክ ኬለርና ሚሬላ ላፓታ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2003 ባወጡት ጥናት፣ በብሪታንያ ብሔራዊ ኮርፐስ ውስጥ ፈጽሞ ያልተገኙ የሁለት ቃላት ጥምረቶችን ጭምር በመፈለጊያ እያስቈጠሩ መርምረው ነበር። ከድረ ገጽ የተገኘው ቍጥር ከኮርፐሱ ቍጥር ጋርም፣ ሰዎች «ይህ ሐረግ ያስኬዳል፤ ያኛው አያስኬድም» ብለው ከሰጡት ፍርድ ጋርም በደንብ የሚዛመድ ሆኖ አገኙት። እንግዲህ ልማዱ ሥራ የሰለቸው ተማሪ የፈጠረው ብልሃት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ተመራማሪዎች ያደረጉት ብዙ ጥምረቶችን አንድ ላይ አነጻጽሮ ጠቅላላ ዝምድናቸውን መመልከት እንጂ፣ አንዲት ሐረግ ጠይቆ በአንዲት ቍጥር መፍረድ አይደለም። ሁለቱ ነገሮች በጣም ይለያያሉ።

2. ቍጥሩ የሚገኘው በመስፈር ሳይሆን በመገመት ነው

መፈለጊያው ጥያቄ በቀረበለት ጊዜ በዓለም ያሉትን ድረ ገጾች ዞሮ አይቈጥርም። አስቀድሞ ገጾቹን ሰብስቦ ለእያንዳንዱ ቃል የትኞቹ ገጾች ላይ እንደሚገኝ የሚያሳይ ማውጫ ያዘጋጃል። ይህ ማውጫ በብዙ ሺህ ኮምፒዩተሮች ላይ የተከፋፈለ ነው። ጥያቄው ሲመጣ የመፈለጊያው ተግባር ለጠያቂው የሚጠቅሙትን ጥቂት ገጾች ከአንድ ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ማቅረብ ነው። ስለዚህ የማውጫውን ከፊል ተመልክቶ የቀረውን በግምት ይሞላዋል። ድሮ የአሥራት ገማች እህሉ ታጭዶ ሳይወቃና ሳይሰፈር ማሳውን በዓይኑ አይቶ «ይህን ያህል ቍና ይወጣዋል» ይል እንደ ነበረው ማለት ነው። ጉግልም ቢሆን ቍጥሩን ሲጽፍ «ወደዚህ የሚጠጋ» ከሚል ቃል ጋር ነው እንጂ ልክ ነው ብሎ አይደለም።

የግምቱ ጕድለት በ2005 በይፋ ተገለጠ። ዣን ቬሮኒስ የተባሉ ፈረንሳዊ የቋንቋ ምሁር ጉግልን በቀላል የሒሳብ ሕግ ፈተኑት። ከሁለት ቃላት «አንዱ ወይም ሌላው» ያለበት ገጽ ብዛት፣ አንዱ ብቻ ካለበት ገጽ ብዛት ሊያንስ እንደማይችል የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜ ጉግል የሰጠው ቍጥር ግን «አንዱ ወይም ሌላው» ሲባል ለአንዱ ብቻ ከሰጠው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። መደመር የማይችል ቈጣሪ ደግሞ በምስክርነት ሲቀርብ በጥንቃቄ ሊሰማ ይገባዋል።

ከዚህም ሌላ ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ የሚቈጠረው ገጽ ነው እንጂ ሐረጉ የተጻፈበት ጊዜ አይደለም። ሐረጉ በአንድ ገጽ ላይ ዐሥር ጊዜ ቢጻፍም አንድ ነው። በተቃራኒው አንድ የዜና ወኪል የጻፈው ዜና በመቶ ጋዜጦች ገጽ ላይ ቢገለበጥ፣ የአንድ ሰው አጻጻፍ ሳለ እንደ መቶ ሰው ሊቈጠር ይችላል። ሁለተኛ፣ መፈለጊያው አብዛኛውን ሥርዓተ ነጥብ አያይም። አንዱ ዓረፍተ ነገር ባለቀበት ቃልና ሌላው በጀመረበት ቃል መካከል ነጥብ ቢኖርም ሁለቱን አገናኝቶ እንደ አንድ ሐረግ ሊያቀርብ ይችላል። ሦስተኛ፣ ቍጥሩ ሚሊዮን ቢባልም መፈለጊያው ከፍቶ የሚያሳየው ውጤት ከአንድ ሺህ አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የቀረውን እንመርምር ብንል መንገድ የለንም።

አዳም ኪልጋሪፍ የተባሉ እንግሊዛዊ የኮርፐስ ምሁር በ2007 ባወጡት አጭር ጽሑፍ በጉግል ቍጥር ላይ የተመሠረተ ምርምር ደካማ ሳይንስ ነው ያሉት ስለዚህ ነው። ከምክንያታቸው አንዱ መፈለጊያው የቃልን ክፍል፣ ማለት ስም ይሁን ግሥ፣ የማይለይ መሆኑ ነው። ይህ ምን ጕዳት እንደሚያመጣ ቀጥሎ ያሉት ምሳሌዎች ያስረዳሉ።

3. ከቍጥሩ ውስጥ የሚገቡ እንግዶች

ምሳሌዎቹ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ዘወትር ከሚጠራጠርባቸው ሐረጎች የተመረጡ ናቸው።

ሀ. «ዲስከስ አባውት»። በአማርኛ «ስለ ጕዳዩ ተወያየን» እንላለን። «ስለ» ለሚለው ቃል ምትክ ስንፈልግ «አባውት» ይመጣልናል። በመደበኛ እንግሊዝኛ ግን «ዲስከስ» ተሳቢውን በቀጥታ የሚወስድ ግሥ ስለ ሆነ መስተዋድድ አያስፈልገውም። ነገሩን የሚያጠናክረው ደግሞ ስሙ፣ ማለት «ዲስከሽን»፣ «አባውት»ን መቀበሉ ነው። «ቶክ» የተባለው ግሥም እንዲሁ ይቀበለዋል። ስለዚህ ስሕተቱ የኛ ብቻ አይደለም፤ በእስያም በአፍሪካም እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚጽፉ ብዙዎች ይሉታል። መፈለጊያውም እጅግ ብዙ ገጽ ያቀርባል። ከገጾቹ መካከል ግን «ዲስከስ አባውት አትበሉ» ብለው የሚያስተምሩ የሰዋስው ገጾች ይገኛሉ። ሐረጉን የሚያወግዘው ገጽ ሐረጉን ከሚደግፈው ጋር አብሮ ተቈጠረ ማለት ነው።

ለ. «ሜሪድ ዊዝ»። እኛ «ከእርሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል «ዊዝ» ትክክል ይመስለናል፤ መደበኛው ግን «ሜሪድ ቱ» ነው። ቍጥሩን ስንጠይቅ «ዊዝ» ያለው ሐረግ በብዛት ይመጣል። ሲነበብ ግን አብዛኛው «ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት» ለማለት የተጻፈ ነው፤ ይኸውም «ሜሪድ ዊዝ ቱ ቺልድረን» የሚለው ነው። ከ1987 እስከ 1997 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየ አንድ አስቂኝ ተከታታይ ድራማም ስሙ «ሜሪድ ዊዝ ቺልድረን» ነበርና ስለ እርሱ የተጻፈው ሁሉ ከዚሁ ቍጥር ይደመራል። ሐረጉ ትክክል ነው፤ ትርጕሙ ግን የተማሪው ትርጕም አይደለም።

ሐ. «ኢንፎርሜሽንስ»። «ኢንፎርሜሽን» በእንግሊዝኛ ተራ አነጋገር የማይቈጠር ስም ስለ ሆነ በብዙ ቍጥር አይነገርም። በመፈለጊያ ግን ቍጥሩ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ምክንያቱም በፈረንሳይኛ ይኸው ቃል በዚሁ ፊደል ሲጻፍ በብዙ ቍጥር የሚነገር፣ ዜናና መረጃ ማለት የሆነ ተራ ቃል ነው። የፈረንሳይ ጋዜጦች ሁሉ ሳያውቁት ስለ እንግሊዝኛ መሰከሩ ማለት ነው።

መ. «ሪሰርችስ»። እንደ ስም በብዙ ቍጥር መጠቀሙ ዛሬ ያልተለመደ ነው፤ «ስተዲስ» ይመረጣል። ነገር ግን «እርሱ ይመራመራል» የሚለው ግሥ በእንግሊዝኛ በዚሁ ቅርጽ ይጻፋል። መፈለጊያው ግሡንና ስሙን አይለይም። በዚያም ላይ በ19ኛው መቶ ዓመት ቃሉ በስምነት በብዙ ቍጥር ይነገር ነበር፤ ለምሳሌ ማይክል ፋራዴይ ከ1839 ጀምሮ ስለ ኤሌክትሪክ ያሳተሟቸው መጻሕፍት በርእሳቸው ላይ ይህንኑ ቃል ይዘዋል። እንግዲህ ዘመኑም ይደባለቃል ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ጸሐፊው ሰው ለመሆኑ እንኳ ማረጋገጫ የለም። በኮምፒዩተር የተተረጐመ ገጽ፣ ለንግድ ተብሎ በጅምላ የተገለበጠ ገጽ፣ ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ገጽ ከሰው ጽሑፍ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል።

4. የማን እንግሊዝኛ?

እስካሁን የተነገረው ቍጥሩ ጕድለት እንዳለበት ነው። ቍጥሩ ፍጹም ትክክል ቢሆን እንኳ ግን ሌላ ጥያቄ ይቀራል፤ ይኸውም የተለመደና ትክክል አንድ ናቸውን? የሚለው ነው።

«የተለየ» ለማለት እንግሊዝኛ ሦስት መንገድ አለው፤ «ዲፈረንት ፍሮም»፣ «ዲፈረንት ቱ» እና «ዲፈረንት ዛን»። የመጀመሪያው በሁሉም አገር ይሠራል፤ ሁለተኛው በእንግሊዝ፣ ሦስተኛው በአሜሪካ ይበልጥ ይሰማል። በጅምላ የተቈጠረ ቍጥር ይህን ሊነግረን አይችልም። አንዱን በጥቂት ቍጥር አይተን «ስሕተት ነው» ብንል የአንድን አገር ሕዝብ ሁሉ አሳሳትን ማለት ነው።

ስለዚህ ጸሐፊውን በአገር ለይቶ የሚቈጥር ክምችት አስፈለገ። ማርክ ዴቪስ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በ2013 ያወጡት ግሎብ የተባለው ኮርፐስ 1.9 ቢሊዮን ቃል ያህል ከ20 አገሮች ድረ ገጾች የሰበሰበ ነው። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ፣ ናይጄሪያ፣ ጋና፣ ኬንያና ታንዛኒያ ይገኙበታል። በዚህ ዓይነት ክምችት «ዲስከስ አባውት» በየትኛው አገር ምን ያህል እንደሚጻፍ ለይቶ ማየት ይቻላል። ኢትዮጵያ ግን ከሃያዎቹ አንዷ አይደለችም። እኛ የምንጽፈው እንግሊዝኛ ስሕተቱም ሆነ ልማዱ በዚያ አልተቈጠረም።

ከዚህ የሚነሣ ክርክር አለ። አንዳንዶች «ናይጄሪያዊው፣ ሕንዳዊው፣ ኢትዮጵያዊው እንግሊዝኛን የሚጽፍ ከሆነ አጻጻፉም እንግሊዝኛ ነው፤ ለምን ስሕተት ይባላል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቋንቋ በተናጋሪው እንደሚለወጥም አይካድም። ነገር ግን ተማሪው የሚጽፈው ለማን እንደ ሆነ ማወቅ ይኖርበታል። የመመረቂያ ጽሑፍና የምርምር መጽሔት የሚጠብቁት መደበኛውን አጻጻፍ ነው። ስለዚህ ለተማሪው የሚጠቅመው ጥያቄ «ስንት ሰው ጽፎታል?» ሳይሆን «እኔ ልጽፍለት በማስበው ዓይነት ጽሑፍ ውስጥ ማን ጽፎታል?» የሚለው ነው።

5. እንዴት እንጠቀምበት?

ይህን ሁሉ ብለን መፈለጊያውን ተዉት ማለታችን አይደለም። በየኪሳችን ያለ መሣሪያ ስለ ሆነ አያያዙን ማወቅ ይሻላል። የሚከተለው አካሄድ ይጠቅማል።

ሀ. አንድ ሐረግ ብቻውን አይጠየቅ፤ ተወዳዳሪው አብሮ ይጠየቅ። ሚሊዮን የሚለው ቍጥር ብቻውን ትርጕም የለውም፤ ተወዳዳሪው መቶ ሚሊዮን ሊሆን ይችላልና። ልዩነቱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ብቻ ከሆነ ምንም አልተመሰከረም። መቶ እጥፍ ከሆነ ግን ቍም ነገር አለው።

ለ. ሐረጉ ይርዘም። «ሜሪድ ዊዝ» ከማለት «ሜሪድ ዊዝ ኤ ዶክተር» እና «ሜሪድ ቱ ኤ ዶክተር» ብሎ ማወዳደር ልጆቹንም ድራማውንም ያስወጣል። «ዲስከስ አባውት ዘ ፕሮብለም» ደግሞ ከ«ዲስከስ ዘ ፕሮብለም» ጋር ይወዳደር።

ሐ. እስከ መጨረሻው ገጽ ይኬድ። ሐረጉ በረዘመ መጠን ውጤቱ እያነሰ ሄዶ በእጅ ሊቈጠር ወደሚችል መጠን ይደርሳል። በዓይን አይተን የቈጠርነው ስድሳ ውጤት ካላየነው ስድስት መቶ ሺህ ይበልጣል።

መ. ቢያንስ ሠላሳ ውጤት ይነበብ። በየውጤቱም ጸሐፊው ማን ነው? በምን ዓይነት ጽሑፍ ላይ ነው? ትርጕሙ እኛ የምንፈልገው ነውን? ተብሎ ይጠየቅ። ለማስረዳት ያህል ብቻ ቍጥር እንስጥ፤ መፈለጊያው ለአንዱ ሐረግ 900,000፣ ለተወዳዳሪው 9,000,000 አለ እንበል። ከመጀመሪያው 50 ውጤት ስናነብ 45ቱ በሌላ ትርጕም ቢሆኑ፣ የሚቀረው ከዐሥር አንድ ነው። እንግዲህ ዐሥር እጥፍ የነበረው ልዩነት ወደ መቶ እጥፍ ከፍ ይላል። ነገር ግን መፈለጊያው ፊት የሚያስቀድማቸው የታወቁትን ገጾች ስለ ሆነ፣ ያነበብናቸው ሃምሳዎቹ እንደ ዕጣ የወጡ ናሙናዎች አይደሉም። ስሌቱም ግምት እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም።

ሠ. ፍለጋው ይወሰን። በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ወይም በታወቀ ጋዜጣ አድራሻ ውስጥ ብቻ እንዲፈልግ ማዘዝ ይቻላል። በዚህ መንገድ የተገኘ ትንሽ ቍጥር ከየትም ከተሰበሰበ ትልቅ ቍጥር ይልቅ ለተማሪው ይጠቅመዋል።

ረ. በመጨረሻ በኮርፐስ ይረጋገጥ። ማርክ ዴቪስ በ2008 ያወጡት የአሜሪካ እንግሊዝኛ ኮርፐስ ዛሬ ከአንድ ቢሊዮን ቃል በላይ ሲሆን፣ ንግግርን፣ ልብ ወለድን፣ መጽሔትን፣ ጋዜጣንና የትምህርት ጽሑፍን ለያይቶ ይቈጥራል፤ ስምና ግሥንም ይለያል። የጉግል የመጻሕፍት መቍጠሪያም ከ2010 ጀምሮ አንድ ሐረግ በየዓመቱ በታተሙ መጻሕፍት ውስጥ ምን ያህል እንደ ተጻፈ በመስመር ያሳያል።

6. ስለ አማርኛ አንድ ማስታወሻ

ይኸው ልማድ ወደ ራሳችን ቋንቋ ሲመጣ ችግሩ ይብሳል። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል በሁለት ዓይነት (ፀ፣ ጸ)፣ ሁለተኛው በስድስት ዓይነት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ሊጻፍ ስለሚችል አንድ ቃል ዐሥራ ሁለት መልክ ይኖረዋል። በፊቱ «በ»፣ «ከ»፣ «የ»፣ «ለ»፣ በኋላውም «ን»፣ «ም»፣ «ዋ» ሲጨመርበት መልኩ እየበዛ ይሄዳል። በአንዱ መልክ ብቻ የጠየቀ ሰው የሌሎቹን ምስክርነት አልሰማም። በእንግሊዝኛ ቍጥሩ በእንግዶች ብዛት ያብጣል፤ በአማርኛ ግን ቤተ ሰቡ ተበታትኖ ያንሳል።

መደምደሚያ

የመፈለጊያው ቍጥር አንድ ሐረግ በዓለም ላይ መኖሩን ሊነግረን ይችላል፤ ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ሲሆንም የትኛው ይበልጥ እንደሚዘወተር ይጠቍመናል። ትክክለኛነትን፣ ትርጕምን፣ ዘመንን፣ አገርንና የጽሑፍ ዓይነትን ግን አይነግረንም። ተማሪው ቍጥሩን ይዞ ከመምህሩ ጋር ከመከራከሩ በፊት ሠላሳ ውጤት ያንብብ፤ መምህሩም «እንዲህ የሚል የለም» ከማለታቸው በፊት ኮርፐሱን ይጠይቁ። ሁለቱም ይህን ቢያደርጉ ክርክሩ ስለ ማስረጃ ይሆናል።

ከዚህ በተረፈ አንድ ሐሳብ ለማቅረብ እንወዳለን። የብራውን ኮርፐስ የተጀመረው በ500 ናሙና ነው። በኮሌጃችን በየዓመቱ የሚጻፈው የእንግሊዝኛ ድርሰትና የመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ አያንስም። የጸሐፊዎቹ ስም ተሰርዞ፣ ፈቃዳቸውም ተጠይቆ፣ የቋንቋ ትምህርት ክፍል ቢያሰባስበው፣ ኢትዮጵያዊው ተማሪ «ዲስከስ አባውት»ን በምን ያህል መጠን እንደሚጽፍ፣ በስንተኛው ዓመት ትምህርቱ እንደሚተወው፣ ጨርሶ የማይተወው ከሆነም ለምን እንደ ሆነ ከሌላ አገር ሰው ሳንጠብቅ ራሳችን ለመቍጠር እንችላለን። በዚህ ሥራ ለመርዳት ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎችና መምህራን በሚቀጥለው እትም አስተያየታቸውን እንዲሰጡበት እንለምናለን።